የባሕር ዛፉ ሁለት ስሞች

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ባለ ብዙ ቀለበት ውህዶች ላይ ስንደርስ ባሕር ዛፍን አስቀድማለሁ። ጉንፋን ሲይዘው የነጩን ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ያልታጠነ ማን አለ? ያ አፍንጫ የሚከፍት ሽታ በአብዛኛው የሲኒዮል ነው፤ ሞለኪዩሉም ስም አወጣጥን ለማስተማሪያ የተሠራ ይመስላል።

ችኩል ተማሪ ወዲያው መቁጠር ይጀምራል። መጀመሪያ ግን ቀለበቶቹ የሚገናኙባቸው ሁለት አተሞች ይፈለጉ፤ «ብሪጅሄድ» የምንላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሦስት መንገድ አለ። በቅንፍ የሚገቡት ቁጥሮች በየመንገዱ መሐል ያሉት አተሞች ናቸው፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ፤ አቆጣጠሩም ከአንዱ ብሪጅሄድ ተነስቶ በረጅሙ በኩል ይሄዳል። ካምፎር [2.2.1] ነው፣ ፓይኒን [3.1.1]። ዘዴው እስከ ዛሬ በጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር ስም ይጠራል፤ የ1905 (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ነው።

ሲኒዮል ላይ ሦስቱም መንገዶች እኩል ናቸው፦ [2.2.2]። እዚህ ላይ የሚፈርደው ኦክስጅኑ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ይገባዋል። ሜቲል ከተሸከመው ብሪጅሄድ ስንነሳ 2 ይደርሰዋል፣ ከማዶኛው ስንነሳ ግን 3። ስለዚህ 1,3,3-ትራይሜቲል-2-ኦክሳባይሳይክሎ[2.2.2]ኦክቴን። «ኦክቴን ስምንት ካርቦን አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ቀለበቶቹ ውስጥ ያሉት ካርቦኖች ሰባት ናቸው፤ የስምንተኛውን ቦታ ኦክስጅን ይዞታል፣ «ኦክሳ» የሚለውም ይህንኑ ነው።

እኔን ደስ የሚለኝ ሌላው ጥያቄ ነው፦ ታዲያ ጠርሙሱ ላይ «1,8-ሲኒዮል» የተባለው ለምንድን ነው? ከላይ ባወጣነው ስም 8 ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም። መልሱ ሜንቴን ውስጥ ነው። ስድስት ካርቦን ያለው አንድ ቀለበት፣ በአንድ ጫፉ ሜቲል (7)፣ በሌላው ጫፉ አይሶፕሮፒል፤ የአይሶፕሮፒሉ መሐል 8 ነው። ኦክስጅኑ 1ን ከ8 ጋር ያያይዛል። ያው ሞለኪዩል አንዴ ባለ አንድ ቀለበት ተደርጎ ድልድይ ተጣለበት፣ አንዴ ከነድልድዩ ባለ ሁለት ቀለበት ተባለ። ቁጥሩን ማንም ይሸመድደዋል፤ የሚከብደው የትኛውን አጽም እንዳየህ ቀድሞ መወሰኑ ነው። ከፊሉን ከአንዱ ከፊሉን ከሌላው የቀላቀለ ተማሪ ዜሮ ያገኛል፣ አልራራለትም።

ለፈተና የማወጣው ጥያቄም ከዚህ የመጣ ነው። ሥዕል አልሰጥም፤ ስሙን ብቻ ጽፌ ሞለኪዩሉን ሳሉ እላለሁ። ቀጥሎ ናፍታሊን ይመጣል፤ የልብስ ሣጥን ውስጥ የሚጣለው። በባየር ዘዴ አጽሙ [4.4.0] ነው፤ ሕጉ ግን ናፍታሊን የሚለውን ስም አልነካበትም። እዚያች ዜሮ ላይ ከባዱ ክርክር ይነሳል።