ዋጊኖስን ለብሩስ ማን ነገረው?

«ታክሲ ነጂ ስለ መጽሐፍ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር፣ ዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ጠብቆ ያውቅ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ተራዬ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ሰዓት የምቀመጥበት ቀን አለ። አንዱ ወንበሩን አስተኝቶ ያንቀላፋል፣ አንዱ ፖለቲካ ያወራል፣ እኔ ደግሞ እዚህ ሪቻርድሰን ካለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተዋስሁትን አነባለሁ። እነሱ ጋ የሌለውን ከሌላ ከተማ ያስመጡልኛል። ዛሬ የማወራችሁ በዚህ መንገድ ስላገኘኋቸው ሁለት መጻሕፍት ነው።

አንደኛው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1790 ኤድንብራ ላይ በአምስት ቅጽ የታተመው የጉዞ መጽሐፍ ነው። ብሩስ በ1769 በምጽዋ ገብቶ፣ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሰንብቶ፣ ግሽ ዓባይን አይቶ የተመለሰ ሰው መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ የጻፈው ብዙ ተወርቶለታል። ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የጻፈበትን አምስተኛውን ቅጽ ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ጤፍ፣ እንሰት፣ ኮሶና ዋጊኖስ የሚገኙት እዚያ ነው፣ ከነሥዕላቸው።

ሁለተኛው መጽሐፍ የእነዚያ ሥዕሎች ጉዳይ ነው። ፖል ኸልተን፣ ናይጀል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ ስለ ሉዊጂ ባሉጋኒ የአፍሪካ ዕፅዋት ሥዕሎች አዘጋጅተው በ1991 ያወጡት ነው። ባሉጋኒ የቦሎኛ ልጅ፣ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር። ብሩስ ቀጥሮ ይዞት መጣ፤ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። ብሩስ አገሩ ገብቶ መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ እጅ ሥራ አድርጎ አቀረባቸው። ሦስቱ ሊቃውንት ዛሬ ዬል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል የተቀመጡትን ዋናዎቹን ሥዕሎች አንድ በአንድ መርምረው፣ የማን እጅ እንደሆኑ ለይተው፣ እያንዳንዱን ተክል በዛሬው የሳይንስ ስሙ ጠሩት። ሁለት መቶ ዓመት ተቀብሮ የነበረ የአንድ ወጣት ድካም ለባለቤቱ ተመለሰ። የዕፅዋት ሊቃውንትና የሥዕል አዋቂ ለአንድ እውነት ሲተባበሩ እንዲህ ያለ ሥራ ይወጣል። መጽሐፉን ስዘጋ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳላቸው ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። መጻፉን ብሩስ ጻፈ፣ መሳሉን ባሉጋኒ ሳለ። ታዲያ «ይህ ዋጊኖስ ይባላል፣ ደም ለቀላቀለ ተቅማጥ መድኃኒት ነው» ብሎ የነገራቸውስ ማን ነው? ቅጠል አይናገርም። ከጫካው ሁሉ መካከል ይህንኑ ቁጥቋጦ ለይቶ ያሳየ፣ ስሙን የጠራ፣ ሥራውን የነገረ አፍ ያለው ሰው ነበረ። የዚያን ሰው ስም ግን ብሩስ አላቆየልንም።

እስቲ የተክሉን የሳይንስ ስም አብረን እናንብበው፦ ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ። የመጀመሪያው ቃል የብሩስ ስም ነው። ሁለተኛው ቃል «ደም ለቀላቀለ ተቅማጥ የሚሆን» ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ቃል ብሩስ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ያልያዘው፣ አገሬው የነገረው ዕውቀት ነው። የመንገደኛው ስምና የአዋቂው ዕውቀት በአንድ መጠሪያ ተጋብተዋል፤ የአዋቂው ስም ግን በሠርጉ ላይ አልተጠራም። ኮሶም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ብሩስ በወዳጁ በሰር ጆሴፍ ባንክስ ስም ሊያስጠራው ሞከረ። ከዚያ በ1791 ሀገኒያ ተባለና ሀገን በተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ስም ጸና። ለእኛ «አቢሲኒካ» የምትል ቅጽል ተረፈችን። አገር ተጠቀሰ፣ ሰው አልተጠቀሰም።

የብሩስ ስም ከዚያም በኋላ ጉዞውን አላቆመም። በ1819 ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከአንድ ቅርፊት መርዛም ንጥረ ነገር አወጡና፣ ቅርፊቱ የዋጊኖስ መስሏቸው «ብሩሲን» አሉት። ኋላ ሲጣራ ቅርፊቱ የእስያ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ስህተቱ ታረመ፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። በ1973 ደግሞ ኩፕቻን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከእውነተኛው ዋጊኖስ በአይጥ ላይ የደም ካንሰርን የሚዋጋ ንጥረ ነገር አግኝተው «ብሩሲያንቲን» አሉት። ተክሉ በኢትዮጵያ ለካንሰር ሕክምና እንደሚውል እዚያው ጠቅሰዋል። በሰው ላይ ሲሞከር የተጠበቀውን ያህል ስላልሠራ ቆመ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ስህተት የሆነው እንኳ በብሩስ ስም ሲጠራ፣ የነገረው ሰው በእውነቱም በስህተቱም ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ ስደርስ ጣቴን ወደ ፈረንጅ ብቻ እንዳልቀስር የሚከለክለኝ ነገር አለ። ወደዚህ አገር ሳልመጣ በፊት ጎንደር አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስለ ዕፅዋት ምደባ ሳስተምር፣ ለመድኃኒት የሚሆን ተክል ከነሳይንስ ስሙ የሚነግረኝ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ዋጊኖስ» አለችና አያቷ እንዴት እንደምትለቅመው፣ ከየት በኩል እንደምትቆርጠው፣ ለማን እንደማትሰጠው መናገር ጀመረች። ክፍሉ ሳቀ። «ቡዳ» የሚል ሹክሹክታም ሰማሁ። እኔ የተሳለቁትን መገሠጽ ሲገባኝ፣ «የሳይንስ ስሙን ካላወቅሽ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን አላነሳችም።

የሳይንስ ስሙን እኔም አላውቀውም ነበር። ያወቅሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ መሪ ጨብጬ ተራ ስጠብቅ ነው። ያቺ ልጅ ለጥያቄዬ ግማሹን፣ ያውም የሚበልጠውን ግማሽ መልሳልኝ ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን፤ እኔ ደግሞ ከመዳብም አሳንሼ አስቀመጥኳት። ብሩስ የነገረውን ሰው ስም አልጻፈም ብዬ የምወቅስ ሰው፣ እኔ ራሴ የነገረችኝን ልጅ አላስጨረስኳትም።

ስለዚህ ሁለተኛውን መጽሐፍ ስተች አዘጋጆቹን አጎደላችሁ ማለቴ አይደለም። የተነሡበትን ፈጽመዋል፤ ብሩስ ያልጻፈውንም ከባዶ ሊያወጡት አይችሉም። የእኔ ነቀፌታ «ለባለቤቱ ተመለሰ» ብለን በእፎይታ መጽሐፉን በምንዘጋው አንባቢዎች ላይ ነው። ሥዕል ወረቀት ስላለው ባለቤቱን አስመሰከረ። የቃል ዕውቀት ወረቀት የለውም፤ ካልጻፍነው ምስክር አያገኝም።

የተሻለ መንገድ እንዳለ የእኛው ሰው አሳይቶናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ተነሥቶ የሠራው ምርምር በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። የእንዶድ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ሴቶቹ አብረው ይነሣሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም እነሱም «አጣቢዎቹ» ተብለው ቀሩ፤ ስማቸውን የሚያውቅ አልገጠመኝም።

አገር ቤትም ነገሩ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ስምንት ቅጽ ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የየቋንቋውን መጠሪያ ከነቋንቋው ስም ያሰፍራል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በጄኔቲክ ሀብትና በዕውቀታቸው ላይ ማኅበረሰቦች መብት እንዳላቸው ደነገገ። እዚሁ አጠገባችን ፎርት ዎርዝ ያለው የቴክሳስ ዕፅዋት ምርምር ተቋም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረቅ ናሙናዎች አሉት። እንዲህ ባሉ ናሙናዎች ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ማን እንደለቀመው፣ የትና መቼ እንደለቀመው ይጻፋል። የምመኘው አንድ መስመር እንዲጨመር ነው፦ «የነገረን እገሌ ነው፤ ስሙ እንዲጻፍም ፈቅዷል።» ፈቃዱ የግድ ነው። ባለመድኃኒት ምሥጢሩ እንጀራው ነውና፣ አልናገርም ቢል መብቱ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ቤት እናት ወይም አክስት አለች። ከልጅ ልጆቿ ጋር በቋንቋ የማትግባባ፣ ቀኑን ሙሉ በመስኮት የአፓርትመንቱን መኪና ማቆሚያ የምታይ። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ስለ አገሯ ዕፅዋት ጠይቋት። መድኃኒት ቀምሙ አላልኩም፤ ኮሶም ዋጊኖስም መጠኑ ሲበዛ ይጎዳል፣ ስትታመሙ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔ የምለው ጻፉት ነው። የተክሉን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ ከማን እንደሰማችው፣ ከሁሉ በላይ የእሷን ስም ከነአባቷ ጻፉ።

ያቺ ተማሪዬ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ስሟን ግን አልረሳሁትም። ሳታስፈቅደኝ እዚህ አላሰፍረውም። ካገኘኋት መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ቀጥዬ ያን ቀን ያቋረጥኳትን እንድትጨርስልኝ እለምናታለሁ።