የባቡሩ ድምፅና የዛሩ ድምፅ

ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ባቲኞል ጣቢያ የቀረጸውን የባቡር ድምፅ እየቈራረጠና እየደጋገመ ሙዚቃ አደረገው። ምኞቱ አድማጭ ባቡሩን ረስቶ ድምፁን ብቻ እንዲሰማ ነበር። ይሁን እንጂ ስናዳምጠው ፉጨቱና የመንኰራኵሩ ምት ባቡሩን መልሰው ያመጡብናል፤ በእኛ አስተያየት የድርሰቱ ኃይል ይኸው ነው እንጂ ጕድለቱ አይደለም።

ከርሱ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1944፣ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በካይሮ የሴቶችን የዛር ዜማ ድምፅን በሽቦ ላይ በሚቀርጽ መሣሪያ ወስዶ፣ የገደል ማሚቶ የመሰለ ማስተጋባት ጨምሮ ለውጦታል። ቃሉ ቢደበዝዝም የሰው ድምፅነቱ አልጠፋም።

ኤል ዳብ ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በ1963 መሥርቷል። እንግዲህ እኛም የገበያውን ጫጫታ ወይም የወፍጮውን ድምፅ ቀርጸን ሙዚቃ ብናደርግ፣ ምንጩን ፈጽሞ ካጠፋነው የሚቀረን የመሣሪያው ብልኃት ብቻ ነው እንላለን።