የአስጎብኚ ቁጥር

ለአስጎብኚ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። የፋሲልን ግንብ ውበት እንግዳው ያለ እኔም ያየዋል፤ ግንቡ መቼ እንደተሠራ፣ ስንት በቅሎ እንደሚጫን፣ ነገ ወደ ደባርቅ በስንት ሰዓት እንደምንነሣ ግን ከአፌ ይጠብቃል። ጃፓንኛ የሚጀምሩ የጎንደር ልጆችን ከቁጥር ጀምሩ የምላቸው ለዚህ ነው።

ከኢቺ እስከ ጁ፣ ከአንድ እስከ አሥር ያለው፣ በአንድ ከሰዓት በቃል ይያዛል። ሥራው ከዚያ ወዲያ ነው። የሚቆጠረው ነገር ሲለወጥ አቆጣጠሩም ይለወጣል፦ አንድ ሰው ሂቶሪ፣ ሁለት ሰው ፉታሪ፣ ሦስት ሰው ሳንኒን፤ በቅሎ ሲሆን ኢቶ፣ ኒቶ፣ ሳንቶ፤ ጭላዳ ሲሆን ኢፒኪ፣ ኒሂኪ፣ ሳንቢኪ። እኛም አንድ ጥማድ በሬ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት እንላለን፤ የጃፓኖቹ ግን ማለቂያ ያለው አይመስልም። ሰንጠረዡን ሙሉ መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ የሚቆጠረው ሰው፣ በቅሎ፣ ጭላዳ፣ አዳርና ሜትር ነው፤ እሱን መያዝ ይበቃል። ራስ ዳሸን ከዮንሴን ጎህያኩ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው ስል እንግዶቹ የፉጂ ተራራቸው 3,776 መሆኑን ወዲያው ያስታውሳሉ።

ስድስት መቶ ሮፕያኩ ነው፤ «ፕ» ይጠብቃል። ገናን አጥብቀን በዓሉን፣ አላልተን ጊዜውን የምንለይ ሰዎች በዚህ አንቸገርም። ዋጋ ላይ አሥር ሺህን አንድ «ማን» ብለው ስለሚቆጥሩ መቶ ሺህ አሥር ማን ይሆናል። ቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ይህ አይገርመውም፤ በግዕዝም መቶ ሺህ ፲፼ ተብሎ ይጻፋል።

ወጥመዱ ፎቅ ነው። እኛ ምድር ቤት የምንለው ለእነሱ አንደኛ ፎቅ፣ ኢካይ ነው፤ ግንቡ ውስጥ አንድ ደረጃ ወጥተን የምንደርስበት ደግሞ ኒካይ፣ ሁለተኛ ይባላል። ቀጠሮ ስሰጥም ሾፌሩን በሁለት ሰዓት ና፣ እንግዶቹን ሃቺጂ፣ ስምንት ሰዓት እላለሁ።

ዓመተ ምሕረት ግን ብቻውን ሲነገር ይረሳል። ጎንደር በ1636 ተቆረቆረች ስል የእኛን 1628 እጨምራለሁ፤ አይደነግጡም፣ እነሱም በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ይቆጥራሉ፤ ሬይዋ የሚሉት ዘመን አንደኛ ዓመት 2019 ነው። ከዚያ አፄ ፋሲል በ1633 ኢየሱሳውያንን ማባረራቸውን እነግራቸዋለሁ። የእነሱ ሾጉንም፣ የጦር ገዢያቸው፣ ፖርቱጋሎች ወደ አገሩ እንዳይገቡ የከለከለው በ1639 ነው። ጥያቄው የሚጎርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ለመመለስ ደግሞ ቁጥር ብቻ አይበቃም፣ አስተርጓሚ እጠራለሁ።