የጄኔቫው ንግግር ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

ኮድ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ጽሑፍንም የምለካው እንደዚያ ነበር። ባለፈው ዓመት ለአለቆቼ ያቀረብኩት 12 ገጽ ሐሳብ ውድቅ ሲሆን፣ ሰው ማሳመን ልማር ብዬ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የጄኔቫ ንግግር አነበብኩ።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሊናገሩ ሲነሱ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ንግግሩ ግን አያለቃቅስም። መጀመሪያ አስለቃሽ ጋዝ፣ ቀጥሎ በበርሜል የተጣለ ይፐሪት፣ ከዚያ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ የተረጨ መርዝ እያለ በቅደም ተከተል ይሄዳል። ስንት ስንት አውሮፕላን ተከታትሎ እንደመጣ ሳይቀር ይቆጥራል። አንባቢው ሳይለመን ይደነግጣል። መሐል ላይ የወልወልና የዲፕሎማሲው ዝርዝር ሲመጣ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደክሞኛል። መጨረሻው ላይ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ መሆኑ ይቀርና የትንንሽ አገሮች ሁሉ ይሆናል።

ከአራት ቀን በኋላ ጉባኤው በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ ወሰነ። ታዲያ አልሠራም ማለት ነው? ብሪታንያ እኮ ማዕቀቡ ይነሳ ያለችው ገና ከንግግሩ በፊት ነው። ያንን የሚመልስ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ንግግሩ የቻለው «አላወቅንም ነበር» የሚለውን ሰበብ ከአዳራሹ ሰዎች መንጠቅ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

የራሴን 12 ገጽ መልሼ አየሁት። ግራፍ ሞልቶታል። በወር መጨረሻ ሲስተሙ ሲቆም እስከ ማታ የምታመሸው ገንዘብ ያዥ ግን የትም የለችም። አሁን ከእሷ ጀምሬ እየጻፍኩት ነው። ዳግም ውድቅ ቢሆንም፣ ማን እንደሚጎዳ አውቀው ይጣሉት።