የእንሰት ቅጠልና የአዋጁ በር

ከአገና የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል ለምርመራ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ተመራማሪ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይዳኛል። አዋጁ «አርክቦት» የሚል ለጆሮ ባዕድ ቃል በርእሱ ቢሸከምም ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ማንም ያለ ፈቃድ የአገሪቱን ዘር አያወጣም፤ ጉምሩክም ፖስታ ቤትም ፈቃዱን ይጠይቃሉ።

ነገር ግን ዘበኛው የቆመው በሣጥኑ መውጫ ብቻ ነው። ጤፍን እንመልከት። የሆላንዱ ኩባንያ በጤፋችን እንዲሠራ የተፈቀደለት በ1997 ዓ.ም. በተፈረመ ውል ነበር። በ1999 ዓ.ም. የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ሰጠ፤ ውል ፈራሚውም ኩባንያ ኋላ ከሰረ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. የሆላንዱን ፓተንት ሲሽር እንኳ ተሟጋቾቹ ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ከችሎቱ አልቆመችም!

አዋጁ ፈቃድ የተቀበለ ሰው ያለ አዲስ ስምምነት በዘሩ ላይ የባለቤትነት መብት እንዳያወጣ ይከለክላል፤ ዳሩ ግን ክልከላውን በባዕድ አገር የሚያስፈጽም እጅ የለውም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሣጥኑን ከማሸጉ በፊት ተቀባዩ የሚፈርመውን ውል በጥብቅ ይመርምር። በከረጢቱ ላይ የምንጽፈው የእንሰቱ ዝርያ ስምና ጠባይ ደግሞ ከአገና እናቶች የተገኘ ዕውቀት ስለሆነ፣ በአዋጁ መሠረት አስቀድሞ የማኅበረሰቡ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይገባል።