ስለ ቁጥር ድርድር ላይብረሪ የቀረበ ሒስ፤ ከአዳማ ነፋስና ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ምሳሌ ጋር

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምንሻው ለሳይንስ ስሌት የሚያገለግለውን የቁጥር ድርድር ላይብረሪ ነው። ድርድር ስንል ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር የሚቀመጡለትን ድርድር ማለታችን አይደለም፤ በረድፍና በዓምድ ተሰልፈው በአንድ ስም የሚጠሩ ቁጥሮችን፥ ፈረንጆቹ «አሬይ» የሚሉትን ማለታችን ነው። ላይብረሪም ስንል መጻሕፍት የሚቀመጡበት ቤት ሳይሆን፥ ሌላ ሰው አስቀድሞ የጻፈውና እኛ በፕሮግራማችን ውስጥ ጠርተን የምንገለገልበት የትእዛዝ ክምችት ነው። ከእነዚህም መካከል በተማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚሠራበት ለፓይተን ቋንቋ የተዘጋጀው ነምፓይ ስለ ሆነ፥ ሒሳችን በእርሱ ላይ ያተኩራል።

ስለዚህ ላይብረሪ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ፍጥነቱ ነው። እኛም በመጀመሪያ የተሳብነው በዚሁ ነበር። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት ሥራ በኋላ የተረዳነው ሌላ ነገር ነው። ፍጥነቱ የሚገኘው ቁጥሮቹ ከሚቀመጡበትና ከሚጓጓዙበት ሥርዐት ነው፤ ነገር ግን ይኸው ሥርዐት ትክክለኛውን መልስና የተሳሳተውን መልስ በእኩል ፍጥነት፥ ያለ ምንም ድምፅ አሳልፎ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

አመጣጡ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፎርትራን የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲወጣ ድርድርን የሳይንስ ስሌት ዋና መሣሪያ አድርጎት ነበር። በ1962 ደግሞ ኬኔት አይቨርሰን ባሳተሙት መጽሐፍ አንድን ሠንጠረዥ በሙሉ እንደ አንድ ቁጥር በአንድ ምልክት ለመደመርና ለማባዛት የሚያስችል የአጻጻፍ ሥርዐት አቀረቡ። በ1979 የቬክተር መሠረታዊ ስሌቶችን በአንድ ስምምነት የሰበሰበው ብላስ ታተመ፤ ኋላም ወደ ማትሪክስ ሰፋ። በፓይተን ቋንቋ በኩል ጂም ሁጉኒን በ1995 ኑሜሪክ የተባለውን ላይብረሪ ጻፉ። ከዚያ የጠፈር ቴሌስኮፕ ሊቃውንት ለትልልቅ ሥዕሎች የሚበጅ ነምአሬይ የሚባል ሌላ ሲያዘጋጁ፥ ተጠቃሚው ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ትራቪስ ኦሊፋንት ሁለቱን አዋሕደው ነምፓይን አወጡ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትምም በ2006 ወጣ። በ2019 ለዓለም የታየው የጥቁር ጉድጓድ ሥዕል በተዘጋጀበት ሥራ ውስጥ ይህ ላይብረሪ ድርሻ ነበረው። እንግዲህ የምንነቅፈው ቀላል ሥራን አይደለም።

ምስጋና የሚገባው

አንባቢ እንዲፈርድልን ከቅርብ ምሳሌ እንነሣ። በአዳማ ኮረብቶች ላይ የቆሙትን የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች በከተማው ያለፈ ሁሉ ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው ጣቢያ በ2012 ሥራ የጀመረ ሲሆን 34 ተርባይኖችና 51 ሜጋ ዋት ኀይል አለው፤ ሁለተኛው በ2015 የተመረቀ ሲሆን 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት አለው። ባንድነት 136 ተርባይኖች ናቸው። ከእያንዳንዱ በየ10 ደቂቃው አንድ የነፋስ ፍጥነት ተመዘገበ እንበል። በቀን 144፥ በዓመት 52,560 ንባብ ይሆናል፤ ለሁሉም ሲባዛ 7,148,160 ቁጥር ነው። አንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሚይዝ የአንድ ዓመቱ ሠንጠረዥ 57 ሚሊዮን ባይት ያህል፥ የ10 ዓመቱ 572 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው።

ፓይተን ለብቻው ይህን ያህል ቁጥር አንድ በአንድ ሲያነሣ እጅግ ይዘገያል፤ በየቁጥሩ ፊት ቆሞ «አንተ ምን ዐይነት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነውና። ነምፓይ ግን በአንድ ድርድር ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ ዐይነት እንዲሆኑና ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ስለሚያስገድድ፥ ጥያቄውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቅና ሥራውን በሲ ቋንቋ ለተጻፈ ፈጣን ትእዛዝ ያስረክባል። ከዚህም ሌላ ከሠንጠረዡ ከፍለን አንድ ዓመት ብቻ ለማየት ስንፈልግ ቁጥሮቹን አይገለብጥም፤ የት ተጀምሮ በስንት እርምጃ እንደሚነበብ የሚናገር አዲስ አድራሻ ብቻ ይሰጠናል። ይህ ብልሀት በእውነት የሚደነቅ ነው።

የጉዞው ነገር

አሁን ወደ ማሻሻሉ ሥራ እንምጣ። ብዙዎቻችን ፍጥነት የሚመጣው ከማባዛቱ ይመስለናል። በዘመናችን ኮምፒዩተር ግን የሚያዘገየው ማባዛቱ ሳይሆን ቁጥሩን ከሩቁ ሚሞሪ ማምጣቱ ነው። በተለመዱት ማሽኖች ላይ አንድ ጉዞ 64 ባይት፥ ማለት 8 ቁጥር ያመጣል። ከመቂ ሽንኩርት ሊጭን የሄደ አይሱዙ አንድ ኩንታል ብቻ ይዞ ወደ አዳማ ቢመለስና፥ ለሁለተኛው ኩንታል እንደ ገና ቢሄድ፥ ነጋዴው በነዳጅ ይከስራል እንጂ ሽንኩርቱ አልጎደለም። በረድፍ የተቀመጠውን ሠንጠረዥ በዓምድ ወደ ታች የሚያነብ ፕሮግራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ 8 አምጥቶ በ1 ይገለገልና 7ቱን ይጥላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ነው። በነፋስ ውስጥ ያለው ኀይል የፍጥነቱን ሦስተኛ ደረጃ ስለሚከተል፥ ፍጥነቱን ሁለት ጊዜ በራሱ ማባዛት ያስፈልጋል። ይህን በነምፓይ በአንድ መስመር ስንጽፍ የመጀመሪያው ብዜት አንድ ሙሉ ሠንጠረዥ፥ ሁለተኛው ብዜት ሌላ ሙሉ ሠንጠረዥ ሊወልድ ይችላል። ከዋናው ጋር ሦስት ሲሆኑ የ10 ዓመቱ ስሌት 1,716 ሚሊዮን ባይት ያህል ይጠይቃል። እውነት ነው፥ ከ2017 እትም ወዲህ ላይብረሪው በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ጊዜያዊውን ሠንጠረዥ መልሶ ይጠቀምበታል። ቢሆንም መስመሩን የሚጽፈው ተማሪ ወጪውን አያይም። መድኀኒቱም ቀላል ነው፤ ዓመት በዓመት ከፍሎ ማስላት፥ ወይም ውጤቱ በየትኛው ሠንጠረዥ ላይ እንዲጻፍ አስቀድሞ መናገር ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን ለባልንጀሮቻችን አንድ ምክር አለን። የ10 ከተሞችን የ30 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ የያዘ ሠንጠረዥ 110,000 ያህል ቁጥር፥ ከ1 ሚሊዮን ባይት ያነሰ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ስለ ማፋጠን መጨነቅ ጊዜን በከንቱ ማጥፋት ነው። መጀመሪያ መለካት፥ ቀጥሎ ማሻሻል ይገባል።

ዝም የሚለው ስሕተት

የላይብረሪው ዋና ጉድለት እንደ እኛ አስተያየት ዝግመቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ሦስት ምሳሌዎች እናቅርብ።

አንደኛ፥ መጠናቸው የተለያየ ሠንጠረዦችን ራሱ ዘርግቶ ያገናኛል። ዓመታት በረድፍ፥ 13ቱ ወሮቻችን በዓምድ የተጻፉበት የዝናብ ሠንጠረዥ አለን እንበል። ከእያንዳንዱ ዓመት የራሱን አማካይ ለመቀነስ ብንፈልግና ዓመታቱ 10 ቢሆኑ፥ ላይብረሪው «አይገጥምም» ብሎ ይከለክለናል። ዓመታቱ 13 ቢሆኑ ግን ይገጥምለታልና የመጀመሪያውን ዓመት አማካይ ከመስከረም ዓምድ፥ የሁለተኛውን ከጥቅምት ዓምድ ይቀንሳል። በ10 ዓመት ተፈትኖ የተያዘ ስሕተት በ13 ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል።

ሁለተኛ፥ ቦታ ለመቆጠብ በ2 ባይት የተጻፈ ሙሉ ቁጥር ከ32,767 በላይ አይችልም። ዝናቡን በሚሊ ሜትር ዐሥረኛ ብንመዘግብና የዓመቱ ድምር 9,000 ቢሆን፥ የአራት ዓመት ሠንጠረዦች ሲደመሩ 36,000 ሊሰጡ ሲገባ 29,536 ከዜሮ በታች ይሰጣሉ። ከዜሮ በታች የዘነበ ዝናብ በምድር ላይ የለም፤ ላይብረሪው ግን አይደነግጥም።

ሦስተኛ፥ የቀን አቈጣጠሩ የአውሮፓ ብቻ ነው። ገበሬው ስለ ሐምሌ ሲነግረን ላይብረሪው ስለ ጁላይ ያስባል፤ ሐምሌ 1 ቀን ግን ጁላይ 8 ነው። የሚያስገርመው፥ 12ቱ ወሮቻችን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለ ሆኑ ከ28 እስከ 31 ከሚዋዥቁት የአውሮፓ ወሮች ይልቅ ለአራት ማዕዘን ሠንጠረዥ የተመቹ መሆናቸው ነው። ጳጉሜን ብቻ 5 ወይም 6 ቀን ሆና ትተርፋለች፤ እርሷንም ከሐምሌ ጋር እኩል ቈጥሮ በ13 ማካፈል ስሕተት ነው። ይህን የሚያስታውሰን ላይብረሪው አይደለም፤ ራሳችን ማሰብ አለብን።

በእኛ ላይ የደረሰ

ወቀሳው ሁሉ በላይብረሪው ላይ እንዳይሆን የራሳችንንም እንናገር። ለአንድ የክፍል ሥራ በሲ ቋንቋ ትንሽ የድርድር ላይብረሪ ለመጻፍ ሦስት ሆነን ተነሣን። በመጀመሪያ በዓምድ ስናነብ ቆየን፤ የሁለቱን ዙሮች ቅደም ተከተል ብንለዋውጥ ያው ሥራ በግልጽ ፈጠነ። ማትሪክስን በማትሪክስ በማባዛት ግን ነምፓይ ከኋላው ባሉት የብላስ ትእዛዞች እየታገዘ ጥሎን ሄደ። ይህ አላሳፈረንም፤ የብዙ ዓመት ድካም ነውና።

ያሳፈረን ሌላ ነው። የነፋሱን ኀይል አስልተን በክፍል ፊት ስለ ፍጥነቱ በኩራት ስንናገር መምህራችን «አማካዩን የወሰዳችሁት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛ ለማፍጠን ብለን መጀመሪያ የቀኑን አማካይ ፍጥነት ወስደን ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ደረጃውን አስልተን ነበር። ነፋሱ ግማሹን ቀን በ4፥ ግማሹን በ8 ሜትር በሰኮንድ ቢነፍስ፥ አማካዩ 6፥ ሦስተኛ ደረጃውም 216 ነው። በትክክለኛው መንገድ ግን 64 እና 512 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 288 ይሆናሉ። ከኀይሉ አንድ አራተኛውን በገዛ እጃችን ጥለነዋል። በእንዲህ ያለ ስሌት ላይ ተመሥርቶ ጣቢያ ቢታቀድ ጥፋቱ የማን ይሆን ነበር?

ይህ የነፋስ ነገር ብቻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆአችን የአቢያታ ሐይቅ እየሸሸ ሲሄድ፥ በመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ደግሞ እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲፈታተን ኖሯል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ጽፎ አማካይ እንዲወስድ ላይብረሪውን ያዘዘ ሰው ብዙ ለውጥ የለም የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። መልሱ በቅጽበት ይመጣል፤ የሁለቱም ሐይቆች ዳር ነዋሪዎች ግን ያዩትን ያውቃሉ።

መደምደሚያ

በአገራችን የቈየው ባሕረ ሐሳብ ስለዚህ ጉዳይ ትምህርት ይሰጠናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ፥ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ ይባላል። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ወንበሩ 11፥ አበቅቴው 1፥ መጥቅዑ 29 ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ምን ጊዜም 30 መሆን አለባቸው፤ ወንበር ዜሮ በሆነበት ዓመትም መጥቅዑ 30 ይባላል። በ19 ዓመት የሚዞረውን ሠንጠረዥ የሚጽፍ ሰው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ድምሩን አይቶ ስሕተቱን ያገኛል። ስሌቱ መመርመሪያውን አብሮ ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

የዘመኑ ላይብረሪ ይህን አልሰጠንም፤ ስለዚህ ከተጠቃሚው ይጠበቃል። ወደፊት ላይብረሪ የሚጽፍ ባልንጀራችን ረድፉና ዓምዱ በቁጥር ብቻ ሳይሆን «ዓመት»፥ «ወር»፥ «ከተማ» ተብለው በስም የሚጠሩበትን መንገድ ቢከተል መልካም ነው፤ እንዲህ ያሉ ላይብረሪዎች በነምፓይ ላይ ተሠርተው አሉና። ሁላችንም ብንሆን ሠንጠረዡን ለማሽኑ ከመስጠታችን በፊት መልሱን በእጅ የምናውቀውን አንድ ትንሽ ምሳሌ እንፈትን። 4ና 8ን ብቻ አስቀድመን ሞክረን ቢሆን ኖሮ በክፍል ፊት ባላፈርን ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን መልሱን ብቻ ጽፎ ለሚያቀርብ ተማሪ ሙሉ ማርክ አይሰጡም ነበር። ያን ጊዜ ጭካኔ ይመስለን የነበረው ዛሬ ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ ያጎደልነው ቢኖር መምህራንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንጠይቃለን።