ስለ ዘመናችን ዘፈን ዕድሜ

ዘፈን ሲወለድ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሲሞት ግን ለቀብሩ የሚወጣ የለም። ባለፈው ዓመት በየሠርጉ ድንኳንና በየታክሲው ውስጥ ጆሮ እስኪያደነቁር ይሰማ የነበረው ዜማ ዘንድሮ ወዴት እንደ ሄደ ቢጠየቅ፥ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ይህንም እያዩ ሽማግሌዎች የዛሬ ዘፈን ዕድሜ የለውም ይላሉ፤ ወጣቶችም በበኩላቸው፥ እናንተ የምትወዱት ዘፈን በወጣበት ጊዜ እንዲሁ ይነቀፍ ነበር ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገን ከእውነት ጥቂት ጥቂት ይዞአል፤ ዳሩ ግን ክርክሩ በዘመን ስም ስለሚደረግ ፍሬ አያፈራም። መጠየቅ የሚገባው፥ ዘፋኙ ከመድረክ ከወረደና ማጫወቻው ከተዘጋ በኋላ፥ ያንን ዜማ ሌላ ሰው በራሱ አፍ አንሥቶ ሊያዜመው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነገር ነው።

የወጣቶቹ መልስ እንዲያው የሚናቅ አይደለም። በቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ቢሆን አዲስ ነገርን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እልልታ አልተቀበለውም። አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቃቸው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። እርሳቸው የመቋሚያውንና የሰውነቱን እንቅስቃሴ ከጣና ማዕበል ወስደው አዲስ ዝማሜ ባወጡ ጊዜ የጎንደር ሊቃውንት እንዳልተቀበሉት ይነገራል። ሥርዐቱን በደብረ ታቦር አስተምሮ ያስፋፋው ልጃቸው አለቃ ተክሌ ነው፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ ድረስ የተክሌ አቋቋም ይባላል። ዛሬ በክብረ በዓል ቀን ካህናቱ እንደ ሸንበቆ ወዲያና ወዲህ ሲሉ የሚያይ ምእመን፥ ያ ነገር አንድ ጊዜ እንግዳ እንደ ነበረ አይገምትም። እንግዲህ አዲስ መሆን ነውር አይደለም። ሆኖም ተክሌ ተማሪ ባያገኝ ኖሮ የአባቱ ፈጠራ ከአባቱ ጋራ በተቀበረ ነበር፤ ያዳነው ውበቱ ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ መቻሉ ነው።

የቅዱስ ያሬድም ዜማ ከ6ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ ዛሬ የቆየው እንደ ዐለት ባለበት ተቀምጦ አይደለም። በእያንዳንዱ ትውልድ አንድ ሰው ተቀምጦ ለሌላው እየነገረው ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት፥ ከግራኝ ጦርነት በኋላ፥ ብዙ መጻሕፍት ተቃጥለው ብዙ ሊቃውንትም አልቀው ሳለ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት በፊደሉ ላይ እንዳኖሩት በሊቃውንቱ ዘንድ ይተረካል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ምልክቱን ብቻ አይቶ ድጓን የሚያዜም ሰው የለም። ድፋቱንና ቅናቱን፥ ጭረቱንና ርክርኩን መምህሩ በድምፁ ማሳየት አለበት። ተማሪው ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲዞር ዓመታት ይፈጃል፤ በመጨረሻም በጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ድጓውን ያስመሰክራል። ከዚያ ያላለፈ መምህር አይባልም። አንድ ዜማ ሺሕ ዓመት እንዲኖር ከተፈለገ ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ዘፈን ግን እንዲህ ያለ ጉባኤ ቤት የለውም። በቀድሞ ዘመን ጉባኤ ቤቱ አዝማሪው ነበረ፤ ልጅ ከአባቱ መሰንቆ ሥር ተቀምጦ ይማር ነበር። ሰሚውም ዝም ብሎ አይሰማም፤ ስንኝ እየነገረ አዝማሪውን ያስብለዋል፤ ስለዚህ ግጥሙ ከአንድ ማታ ወደ ሌላው ማታ ሲሻገር የማይረባው ይወድቃል፥ የረባው ይቀራል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ባስቀረጹ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ዘፈን ከአፍ ወደ አፍ ሳይሻገር በሣጥን ውስጥ መቀመጥ ቻለ። ይህ ለዘፈን ትልቅ ዕድል ነው፤ ትልቅ ፈተናም ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው ሳይኖር የሚኖር ዘፈን ከዚያ በፊት አልነበረምና።

አሁን ወርቃማ እየተባለ የሚመሰገነው የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ሙዚቃ በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። መሠረቱ ከዚያ በፊት ተጥሎአል፤ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በነበሩ ጊዜ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጡአቸው አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይነፉ ነበር፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያም የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተቋቋሙ፤ የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ ተፈቅዶ በነበረበት ዘመን፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳትሞ አወጣ። ዓለማየሁን ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን ይሉት ነበር። ስሙ ራሱ ነገሩን ይገልጠዋል፤ ለብዙ ሰው ያ ሙዚቃ ከአሜሪካ የተዋሰ ልብስ መስሎ ይታይ ነበርና። ዛሬ ግን የገዛ አገራችን ቅርስ ነው ተብሎ በኩራት ይጠራል።

እንዲህ ሊቀር የቻለው ግን በብቃቱ ብቻ ነው ማለት እውነት አይሆንም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ሙዚቃ ቤት ተዘጋ፤ አምኃም በ1967 ዓ.ም. አገሩን ለቀቀ፤ ሸክላው በካሴት ተተካ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የማሕሙድ አሕመድ ኧረ መላ መላ በብራስልስ ታትሞ በአውሮፓ ተሰማ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊም የጥንቱን ሸክላ እየፈለገ፥ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጲክ የተባለውን ተከታታይ እትም ጀመረ። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ1997 ዓ.ም. በወጣ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገብቶ በዓለም ታወቀ። ይህ ሁሉ ባይሆን ኖሮ ስንቱ ሸክላ በየጓዳው ተሰብሮ በቀረ ነበር። ከጠፋው ውስጥም ከተረፈው የሚበልጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዘመን ፈራጅ ነው ሲባል፥ ፈራጁ አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ እንደሚወስደው መዘንጋት አይገባም።

ከዚህም ሌላ፥ ይህን መስማት ለአንዳንዱ ቅር የሚያሰኝ ቢሆንም፥ በውጭ አገር መመስገንና በአገር ልብ ውስጥ መኖር አንድ አይደሉም። ፓሪስ ያለው ሰሚ የሚወደው የነፋሽ መሣሪያውን ድምፅና የቅኝቱን እንግድነት ነው፤ ቃሉን አይሰማውም። አገር ውስጥ ያለው ሰው ግን ጥላሁን ገሠሠን የሚያስታውሰው በቃሉ ነው። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ባረፈ ጊዜ ሕዝቡ በየቤቱ ያንጐራጐረው ነፋሽ መሣሪያውን አልነበረም፤ መሣሪያው የሌለበትን፥ በባዶ ድምፅ የሚነሣውን ስንኝ ነበር። ትዝታም እንዲሁ ነው። ትዝታ የአንድ ሰው ዘፈን አይደለም፤ ቅኝት ነው፥ የተከፈተ ቤትም ነው። የገባው ሁሉ የራሱን ኀዘን ይዞ ይገባል፤ ሲወጣም ቤቱን ለሚቀጥለው ይተውለታል። ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በክራርም በመሰንቆም በፒያኖም ቢመቱ ማንነታቸውን አይለቁም። የ1960ዎቹ ሙዚቀኞች ሳክስፎኑን ያስገቡት ወደዚህ ቤት ውስጥ ነው፤ ሥራቸው እንደ ፋሽን ልብስ ያላረጀበትም ምክንያት ይህ ነው።

የዛሬውን ዘፈን በዚህ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይገባል። አሁን አንድ ወጣት በአንድ ክፍል ውስጥ ከኮምፒዩተር ጋራ ተቀምጦ፥ ከበሮውንም ክራሩንም ነፋሽ መሣሪያውንም ብቻውን ያበጃል። ይህ በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ ችሎታ ላለው ድኻ ትልቅ በር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ዘፈኑ ያለ መሣሪያው መቆም ሲያቅተው ነው። የድምፅ ማቃኛው የሁሉን ጉሮሮ አንድ ዐይነት ስለሚያደርገው፥ ዘፋኙን ከዘፋኝ የሚለየው ልብሱና ምስሉ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ግጥሙም ቤት ይመታል፤ ነገር ግን ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው የለም። አንድ ቃል ሃያ ጊዜ ይደገማል፤ ምክንያቱም ሰሚው በዩቲዩብ ላይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰኮንዶች ካልተያዘ ወደ ሌላ ስለሚያልፍ ነው። በዚህ ዐይነት የተሠራ ዘፈን በሚሊዮን ይታያል። መታየትና መሰማት ግን እንደሚለያዩ ለማወቅ፥ ያንን ዘፈን በክራር ብቻ እንዲጫወተው አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ለክራሩ የሚተርፈው ነገር አይገኝም።

እንዲህ ያለው ጉድለት ከዘፈን አልፎ ወደ መዝሙርም መዝለቁ ይበልጥ ያሳዝናል። በካሴትና ከዚያም በኋላ በወጡ አንዳንድ መዝሙሮች ውስጥ ቃሉ የእግዚአብሔር ሆኖ ቃናው ባለፈው ወር ከወጣ ዘፈን የተወሰደ ይገኛል። ዘፈኑ ሲረሳ መዝሙሩም አብሮ ይረሳል፤ የተከራየው ቤት ፈርሶበታልና። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይን ያህል ሀብት ያለው ሕዝብ እንዲህ ያለ ኪራይ መክፈሉ ግራ ያጋባል።

ለተቃራኒው ምስክር እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ማየት ይቻላል። በ1916 ዓ.ም. ከታላቅ ቤተ ሰብ ተወልደው፥ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተምረው፥ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋራ በአሲናራ ደሴት ታስረው፥ በኋላም በካይሮ በትምህርት ደክመው፥ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲታተም ለዝና ብለው አላሳተሙትም፤ ገቢውን ለምስኪን ልጆች መርጃ አሰቡት። የፒያኖ ዜማቸው ወደ ዳንስ አይጠራም፤ ቃልም የለውም፤ በየመንገዱም አልተጮኸም። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጲክ ውስጥ እንደገና ሲወጣ ግን ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ገና እንደ ተሠራ ሆኖ ተሰማ። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ባረፉ ጊዜ፥ የእርሳቸውን ዜማ ከወረቀት እያነበቡ የሚጫወቱ ወጣቶች በብዙ አገር ነበሩ። በዚያ የፒያኖ ድምፅ ውስጥ የአውሮፓ ትምህርት አለ፤ የትዝታም ቅኝት አለ፤ ከሁሉም ይልቅ ለማንም የማይቸኩል ሰው ትንፋሽ አለ። የዘመኑ ዘፈን የጐደለው ይህ ሦስተኛው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ዛሬ አንድ ዘፋኝ ሁለት ዓመት ዝም ቢል የሞተ ይመስለዋል።

ነገር ግን በቅርብ ዘመን የተሠራው ሁሉ ገለባ ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የቴዎድሮስ ካሣሁን ጥቁር ሰው በ2004 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ልጆች የታሪክ ስም እየጠሩ በየሰፈሩ ዘምረውታል፤ የሚወደውም የሚጠላውም ስለ ቃሉ ተከራክሮአል፤ ሰው ስለማይኖር ነገር አይከራከርም። ይልቁንም እጅጋየሁ ሽባባው በ1993 ዓ.ም. ያወጣችው አድዋ ሊጠቀስ ይገባል። እጅጋየሁ በጎጃም በቻግኒ ተወልዳ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ በቤታቸው ከነበረ ቄስ እንደ ተማረች ይነገራል፤ ድምፅዋን የሚያውቅ ሰውም ይህን ለማመን አይቸገርም። ያ ዘፈን በአሜሪካ አገር በውጭ አገር ሙዚቀኞች ታጅቦ ተሠራ፤ አጃቢዎቹን ግን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን በየትምህርት ቤቱ ግቢ፥ ዘፈኑ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ልጆች ማጉያው ሲበላሽ እንኳ ሳያቋርጡ፥ በእጃቸው እያጨበጨቡ እስከ መጨረሻው ያዜሙታል።